ከአስር ዘጠኝ

ባለፈው ሳምንት ዶክተር ሄዋንን ትተናት የሄድነው አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ የሕፃናት ማከሚያ ክፍሏ ውስጥ፣ ስልኳን የሕፃን መመዘኛው ላይ አስደግፋ እንደተቀመጠች ነበር። ያላነበባችሁ አትጨነቁ፤ እሷም ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አላለችም።

ማክሰኞ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። በዚህ ሰዓት በአዋሽ ሸለቆ ውስጥ ተበትነው የሚሠሩ ጥቂት የሕፃናት ሐኪሞችና ጤና መኮንኖች ስልካቸውን ከፍተው ከሰመራ የሚመጣ አንድ ድምፅ ይጠብቃሉ። ድምፁ የአእምሮ ሐኪሙ የዶክተር ካሊድ ነው። የልጅ ጭንቀት የሚያክም ሰው በሸለቆው ሙሉ እንደ ዝናብ ብርቅ ስለሆነ፣ ትኩሳትና ተቅማጥ የሚያክመው ሐኪም የልጁን ልብም መጠየቅ እንዲለምድ ማስተማር ነው ሥራው። ሰመራ ላይ ሰብስቦ አሠልጥኗቸዋል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በየሳምንቱ እያንዳንዳቸው ያስቸገራቸውን ልጅ፣ ስሙን ሳይጠሩ፣ በስልክ ያቀርባሉ። ካሊድ ይሰማል። ከዚያ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል።

ሄዋን ሳምንቱን ሙሉ የምትኖረው ለዚህች «እሺ፣ ከዚያስ?» ነው። እናቷ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ነገሩ ከሸተታት ቆይቷል። «ማክሰኞ ማክሰኞ ፀጉርሽን የምትሠሪው ለስልክ ነው እንዴ?» ብላታለች።

«ሰባት ዓመቷ ነው» አለች ሄዋን ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ። «ከመልካ ወረር ነው የምትመጣው፤ እናቷ ጥጥ እርሻ ላይ ትሠራለች። ጠዋት ጠዋት ሆዷን ያማታል። ትምህርት ቤት አንድ ቃል አትተነፍስም፤ ከሰሞኑ ጭራሽ አልሄድም ብላለች። ሦስት ጊዜ የትል መድኃኒት ወስዳለች።»

«ሁለቱን እኔ ነኝ የሰጠኋት» አለ ከመልካ ወረር ጤና መኮንኑ ታሪኩ፣ ሳይጠየቅ የመናገር ልዩ ተሰጥኦ ያለው ሰው። «ትል ቢኖር ኖሮ እስካሁን ራሱ ይቅርታ ጠይቆ በወጣ ነበር።»

መስመሩ በሳቅ ተንጫጫ። ካሊድ አልሳቀም፤ ፈገግ ሲል ግን ሄዋን ሰማችው። ፈገግታ በስልክ አይሰማም የሚል ሰው ማክሰኞ የለውም ማለት ነው።

«እናቷን ምን ጠየቅሻት?»

«መቼ እንደጀመራት፣ ምን እንደምትበላ፣ ትውከት እንዳላት...»

«ስለ ሆዷ ጠየቅሻት። ስለ ልጅቷስ?»

ሄዋን ማስታወሻዋን ገለጠች፤ ስለ ልጅቷ የተጻፈ የለም።

«ጠይቂያት። ከዚያ ጠብቂ። መልሱን አንቺ አታቀብያት። እኛ ሐኪሞች ዝምታ ያስፈራናል፤ ስንፈራ ደግሞ መድኃኒት እናዝዛለን።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ሌላ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሚቀጥለው ማክሰኞ እኔ አልኖርም፤ በእኔ ቦታ ሌላ ባልደረባ ይቀጥላል። ለተጨማሪ ትምህርት ጅማ ልሄድ ነው፤ ሁለት ዓመት። ቅዳሜ እነሣለሁ።»

እንኳን ደስ ያለህ ከየአቅጣጫው ዘነበ። «ጅማ ዣንጥላ ይዘህ ሂድ፣ ዝናብ ምን እንደሆነ ላታስታውሰው ትችላለህ» አለ ታሪኩ። አንድ በአንድ ስልካቸውን ዘጉ። በመጨረሻ መስመሩ ላይ ሁለት ሰው ቀረ።

ሄዋን አልዘጋችም። እሱም አልዘጋም። የጣሪያው ማራገቢያ ሞቃቱን አየር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያዘዋውራል። ሁለቱም ዝምታን መጠበቅ የሠለጠኑ ሰዎች ናቸውና ሁለቱም ጠበቁ። ሥልጠና የሰመረበት ቀን ቢኖር ያ ነው፤ ሁለት ባለሙያዎች አንዱ የሌላውን መልስ ላለማቀበል ተጠንቅቀው፣ መሐላቸው ያለውን መንገድ ሁሉ በዝምታ ሞሉት።

«ደህና ሁኚ ዶክተር ሄዋን» አለ በመጨረሻ።

ስልኩ ጠቆረ። ከመመዘኛው ላይ ስታነሳው መርፌው ትንሽ ተንቀጥቅጦ ዜሮ ላይ ቆመ። ምንም ነገር እንደዚያ ቀልሎባት፣ እንደዚያም ከብዶባት አያውቅም።

*

ለምን አልተናገረችም? ለዚህ ወደ ሰመራ መመለስ አለብን፤ ወደዚያ አየር ማቀዝቀዣው ከሚያቀዘቅዘው ይልቅ የሚያወራው ወደሚበልጥበት አዳራሽ።

የሥልጠናው ሦስተኛ ቀን ነበር። አንዱ እናት ወይም አባት ሆኖ ያወራል፣ ሌላው ሐኪም ሆኖ ይሰማል፣ በመጨረሻም የሰማው ከአስር ነጥብ ይሰጣል። ሄዋን ያን ጠዋት ዘግይታ ነው የገባችው። ኮሪደር ላይ ቆማ ከእናቷ ጋር በስልክ ስትሟገት ቆይታ ነው። ጉዳዩ እናቷ ልትድርላት የመረጠችው ይታያል የሚባል ኢንጂነር ነው፤ ናዝሬት ሁለት ሕንፃ አለው፣ ጠባዩ ደህና ነው፣ እናትየው ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጠይቃ አረጋግጣለች። «እሱኮ ምንም አይወጣለትም!» ትላለች ወይዘሮ የዓለምወርቅ። «ለዚህ ነው የማልፈልገው» ትላለች ሄዋን። እንዲህ ሲሉ የመግቢያው ንግግር አመለጣት።

ስትገባ ታሪኩ ከአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ ነጠላ ተውሶ፣ ፍራሽ የሚያረጥብ ልጅ እናት ሆኖ ያለቅስ ነበር። እውነተኛ እንባ ነው። ከአስር አስር ተሰጠው፤ ነጠላውን ለመመለስ ግን አልቸኮለም።

የሠልጣኙ ቁጥር ጎዶሎ ስለነበረ ሄዋን ብቻዋን ቀረች። ካሊድ ወንበር ስቦ ፊቷ ተቀመጠ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያወራ እጁን የማያንቀሳቅስ ሰው ነው።

«ያየሁትን ልንገርሽ፤ የሰማሁትን ልንገርሽ» ብሎ ጀመረ።

ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ እንደተማረችው።

«ያደግኩት ሰርዶ ነው። አባቴ የጅቡቲ መኪኖችን ጎማ ይጠግናል። ልጅ ሆኜ የማውቀው የሚያልፍ ሰው ብቻ ነበር። መኪናው ይቆማል፣ ጎማው ይጠገናል፣ ይሄዳል። ስለዚህ ሰው ሲመጣ ከመምጫው ይልቅ መሄጃውን እያየሁ ነው ያደግኩት። ሰኞ ዕለት አንዲት ሴት በዚያ በር ገባች። መሄጃዋን ላይ ብል አቃተኝ። ዓርብ ሥልጠናው ያልቃል፤ እሷም ወደ አዋሽ ትመለሳለች። አባቴን ስረዳ ስንት ጎማ እንዲያልፍ አብጅቻለሁ። ዓርብ ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ጎማ ቢፈነዳ ብዬ እመኛለሁ።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። አየር ማቀዝቀዣው እንኳ ሳይቀር።

ሄዋን ቃሉን ልታምነው ተቃረበች። ምን ይደረግ ታዲያ? ከእሱ በፊት ታሪኩ በነጠላ ተሸፋፍኖ ሲያለቅስ አይታለች። ይሄም ተውኔት ነው፤ ግሩም ተውኔት። የሠለጠነች ሐኪም ነችና ድምፅዋን አስተካከለች።

«ዶክተር፣ በጣም አሳማኝ ነው። ከአስር ዘጠኝ።»

ካሊድ ለአፍታ አያት። «አንዷን ለምን ቀነስሻት?»

«መጨረሻ ላይ ዓይንህን ሰበርክ።»

ሳቀ፤ ቀስ ብሎ፣ ውሃ እንደጠማው ሰው። «ልክ ነሽ» አለ። «አስተካክላለሁ።»

ሰዉ አጨበጨበ። ረጅምና ግራ የገባው ጭብጨባ ነበር፤ የሰርግ ይሁን የለቅሶ ያልለየለት።

ዓርብ ዕለት ወደ አዋሽ የተመለሰችበት አውቶቡስ አንድም ጎማ አልፈነዳበትም። ሄዋን መስኮቱን ተደግፋ፣ ጥቁሩ የድንጋይ ሜዳ ወደ ኋላ ሲሸሽ እያየች፣ አንድ ነገር ብቻ አሰበች፤ ሰው ሲተውን እንዲህ ከሆነ፣ እውነተኛውን የሚናገራት ሴት እንዴት ያለች ትሆን?

ያቺን ሴት ጠላቻት። ስሟን ሳታውቅ፣ መልኳን ሳታይ።

*

ሐሙስ ጠዋት የመልካ ወረሯ እናት ትዕዛዝ ልጇን ይዛ መጣች። ትዕዛዝ ከወሎ ለጥጥ ለቀማ መጥታ የቀረች ሴት ነች፤ ልጅቷ ኮከብ፣ የተሠራ ፀጉር፣ የጫማዋን ጫፍ ብቻ የምታይ።

«ሆዷ ዛሬም?» ልትል አፏን ከፈተች ሄዋን፤ ተወችው። ወንበሯን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ትዕዛዝ፣ ስለ ኮከብ ንገሪኝ። ስለ ሆዷ አይደለም፣ ስለሷ። እንዲህ ከመሆኗ በፊት እንዴት ነበረች?»

ከዚያ ጠበቀች።

ውጭ የጭነት መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ ኮሪደሩ ላይ ሕፃን አለቀሰ። ሄዋን እጇ የማዘዣ ወረቀቱን ሊፈልግ ሲል ያዘችው።

«ወሬኛ ነበረች» አለች ትዕዛዝ። «ኧረ እሷን ዝም ማሰኘት መከራ ነበር። መሬቱ የተንቀጠቀጠ ሰሞን ነው... እኛ እንኳ ሜዳ ላይ ላስቲክ ወጥረን ስንተኛ ከረምን፣ አለፈ። እሷ ትምህርት ቤት ነበረች። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ልጁ ሁሉ እየጮኸ ወጣ። እሷ ዴስክ ሥር ገብታ ቀረች። ሁሉም ወጥቷል ብለው ነው መሰለኝ፣ ማንም ስሟን አልጠራም። እኔ ከእርሻ ሮጬ ስደርስ እዚያው ናት።» ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። «ማንም አልጠራትም፣ ዶክተር።»

ሄዋን ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለች። «ኮከብ፣ መሬቱ አሁን ቆሟል አይደል?»

ኮከብ ጫማዋን አየች። ሄዋን ጠበቀች። ለስንት ሰው ጠበቀች ይሄን ሰሞን!

«ውጭ ቆሟል» አለች ልጅቷ፣ ከሹክሹክታ በታች። እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። «እዚህ ግን ገና ነው።»

ትዕዛዝ ልጇ ሰው ፊት ስትናገር ስትሰማ እንባዋ መጣ። ሲደርቅ ግን የጠየቀችው የማንኛውንም እናት ጥያቄ ነው። «ታዲያ ክኒን የለውም?»

«ክኒን የለውም። ሥራ አለው።» ሄዋን አስረዳቻት፤ መጀመሪያ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ብቻ ሄደው እንዲመለሱ፣ ሲቀላት እስከ ክፍሉ ደጃፍ፣ ከዚያ በሩ አጠገብ ያለው መቀመጫ የሷ እንዲሆን። ሆዷ ሲንቀጠቀጥ እጇን ጭና ቀስ ብላ እንድትተነፍስ እዚያው አብረው ተለማመዱ። መምህርቷ ደግሞ በየጠዋቱ ስሟን እንድትጠራ። ከሁሉ አስቀድማ፣ ጮክ ብላ፣ «ኮከብ!»

መምህርቷን የሚያነጋግር ሰው መልካ ወረር ያስፈልጋታል። ታሪኩ ጋ ደወለች።

«ትል አይደለም በይኛ!» አለ ታሪኩ። «ነገ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፣ ለኔ ተይው። ዶክተር ካሊድ ሳይሄድ ንገሪው፤ ደስ ይለዋል። ያን ያህል ብታሳፍሪውም እንኳ።»

«መቼ አሳፈርኩት?»

«አትቀልጂ ሄዊ።»

«ታሪኩ፣ መቼ ነው ያሳፈርኩት?»

«ሰመራ ነዋ! ሰውየው በሰው ሁሉ ፊት ልቡን ዘርግቶልሽ፣ ከአስር ዘጠኝ ብለሽ አጣጠፍሽለት።»

«ተውኔት ነበራ! አንተስ ነጠላ ለብሰህ ስታለቅስ አልነበር?»

ታሪኩ ቀልዱን ተወ።

«አንቺ... ጠዋቱን የት ነበርሽ?»

«ኮሪደር ላይ። ስልክ።»

«ኧረ በመድኃኔዓለም!» አለ። «ካሊድ ጠዋት መተወን የሚያስቸግረው ሰው ዳጉ ይናገር አለን እኮ። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውን የሰማውን ይነጋገር የለ? የሚሰማው አያቋርጥም፣ የሚናገረው አይዋሽም። የታማሚ ታሪክ መቀበልን ከዚህ ተማሩ አለን። ‹እኔ መተወን አልችልም፣ ተራዬ ሲደርስ ዳጉ ነው የምናገረው› አለ። በግልጽ! ያየሁትን ልንገርሽ ብሎ ሲጀምር እኛ መሬት ልትውጠን ትንሽ ነው የቀረው።»

«ታዲያ ለምን አጨበጨባችሁ?»

«ምን እናድርግ? በጨዋ ደንብ እምቢ ያልሽው መስሎን! እኔማ አንድ ነጥብ ቀንሳ ሸኘችው፣ እንዴት ያለች ብልህ ናት እያልኩ ስንቱን...»

«ስንቱን ምን?»

«...አወራሁ።» ድምፁ ቀነሰ። «ሰርዶ ጎማ ቤት ድረስ ተሰምቷል ይላሉ።»

ሄዋን ስልኩን ይዛ ቆመች። ከሰርዶ እስከ አዋሽ ድረስ ይሄን ሰው እምቢ እንዳለችው የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያም እሷ። ማክሰኞ ማክሰኞ «እሺ፣ ከዚያስ?» ሲላት፣ እምቢ ያለችውን ሴት ነበር በዚያ ለዘብ ባለ ድምፅ የሚጠይቃት። ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ስሟን ጠርቷት ነበር፤ ዴስክ ሥር ሆና ያልሰማችው እሷ ነበረች።

*

በስልክ የሚባል አልነበረም። «ቅዳሜ አውቶቡሳችሁ ለምሳ የት ይቆማል?» ብላ ብቻ ጻፈችለት። መልሱ ወዲያው መጣ። «አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ሐዲድ ሆቴል።»

ሐዲድ ሆቴል የእናቷ ነው።

ወይዘሮ የዓለምወርቅ በወጣትነቷ ባቡሩ ሲቆም በመስኮቶቹ ሥር እየሮጠች ብርቱካን ትሸጥ ነበር። ዛሬ ከአዋሽ ወንዝ ገደል አፋፍ ላይ ባለ ፎቅ ሆቴል አላት። አውቶቡስ ይዞ የሚመጣ ሹፌር በነፃ ይበላል፤ ተሳፋሪው የእሱንም ጨምሮ ይከፍላል። የዚህን ዓለም አሠራር ስለምታውቅ ስለ ካሊድ አንዴ ብቻ ነበር የጠየቀችው።

«የማን ልጅ ነው?»

«አባቱ ሰርዶ ጎማ ይጠግናል።»

«ሙስሊም ነው?»

«አዎ እማ።»

«ጥሩ ሐኪም ይሆናል» ብላ ነገሩን እንደ መዝጊያ ገጠመችው። በኋላ ግን፣ ሽንኩርት እየመረጠች፣ ያመለጣት የሚመስል አንድ ነገር አለች። «እጄን የማይቀምስ ሰው እንዴት ልጄ ብዬ እጠራዋለሁ?»

ቅዳሜ ቀትር ላይ አውቶቡሱ አቧራውን አስቀድሞ ገባ። ኢንጂነር ይታያልም ነበር፤ ለምሳ ተጋብዞ፣ ከእናትየዋ ጋር ትልቁ ጠረጴዛ ላይ ጥብስ ቀርቦለት። ሄዋን ካሊድን በዓይኗ ፈለገች። ከግርግሩ ርቆ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ካለችው ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጧል። አስተናጋጇን ሻይና ዳቦ ብቻ አዘዛት።

«እንግዳ ጥለሽ ወዴት?» አለች እናትየው።

«መጣሁ እማ።»

አልመጣችም።

«ዶክተር ሄዋን» አለ ካሊድ ብድግ ብሎ። ጨዋ፣ ሩቅ። «ያቺ ልጅ እንዴት ሆነች?»

«ቁጭ በል። ዳጉ ጠይቀኝ።»

የሻይ ብርጭቆው ወደ አፉ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ቀስ ብሎ አስቀመጠው። ፊቷን አየ፤ ቀልድ ፈለገባት፣ አጣ። ከዚያም አባቱና የአባቱ አባት በየመንገዱ እንዳደረጉት ተስተካክሎ ተቀመጠ።

«ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?»

ጠበቃት።

«ዝናብ የለም» ብላ ጀመረች። «መንገዱ ደህና ነው። መሬቱ ከሰሞኑ ተረጋግቷል። አንዲት ልጅ አየሁ፤ ሆዷ ውስጥ መሬት የሚንቀጠቀጥባት። ትናንት እስከ ትምህርት ቤቱ በር ደርሳ ተመልሳለች፤ መምህርቷ ስሟን ስትጠራ ‹አቤት› ብላለች። ታሪኩ ነው የነገረኝ።»

ካሊድ ዓይኑ በራ፣ ግን አላቋረጠም።

«አንዲት ሐኪምም አየሁ። አንድ ጠዋት ስልክ ይዛ ኮሪደር ላይ የቆየች። ስትገባ ሰው ሁሉ ይተውን ነበር። ዳጉ ሲነገራት ተውኔት መሰላት። ነጥብ ሰጠች።»

እጁ ጠረጴዛው ላይ ተንቀሳቀሰ። የማይንቀሳቀሰው እጅ። ከንፈሩ ተከፈተ።

«አይቋረጥም» አለችው።

አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ። ተሳፋሪው እየተሯሯጠ ገባ። የካሊድ ዓይን ወደ አውቶቡሱ አልዞረም። ሄዋን ቀጠለች፤ እንባዋ ቀድሟት ይወርዳል።

«ያቺ ሐኪም በየማክሰኞው አንድ ድምፅ ትጠብቅ ነበር። እየተወነ ነው ብላ ስላመነች፣ እውነተኛውን ለሚነግራት ሴት ትቀና ነበር። ጠላቻት። ስታያት ጊዜ ራሷ ሆና አገኘቻት።»

ጥሩምባው ደገመ። «የሰመራው ዶክተር! ጥለንህ ልንሄድ ነው!» ብሎ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠለጠለ። ሹፌሩ ጋሽ ጉልላት፣ በዚህ መንገድ ላይ ፀጉሩን ያሸበተ ሰው፣ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ወደ ዛፏ ተመለከተ። ሞተሩን አጠፋ።

«ምን ሆነ?» ተሳፋሪው ተንጫጫ።

«ዳጉ ላይ ናቸው» አለ ጉልላት፣ የሞላ ወንዝ እንደገጠመው ሰው። «ዳጉ አይቋረጥም። ውሃ የምትጠጡ ጠጡ።»

ወይዘሮ የዓለምወርቅ ከትልቁ ጠረጴዛ ተነሥታ መጣች። መሐላቸው ቆመች። ልጇን አየች፤ እንባዋን፣ ማክሰኞ ላልሆነ ቀን የተሠራውን ፀጉሯን። ከዚያ ካሊድን፤ ከዚያ ጠረጴዛውን። ሻይ። ግማሽ ዳቦ።

«ከቤቴ ሳይበላ ከሚሄድ ሰው ጋር ነው ይሄ ሁሉ?»

«ዳቦዎትን በላሁ እትዬ» አለ ካሊድ ተነሥቶ።

«ዳቦማ መንገደኛ ሁሉ ይበላል።»

«እማ፣ አንድ ነገር ቀርቶኛል» አለች ሄዋን። እናቷ ፊት፣ ኢንጂነሩ ፊት፣ በአውቶቡሱ መስኮት ሁሉ ከተደረደረው ዓይን ፊት። «ካሊድ፣ ሌላ ያየሁት የለም። ሌላ የሰማሁት የለም። አስር ነው። ያኔም አስር ነበር።»

ዓይኑን አልሰበረም። ለረጅም ጊዜ አልሰበረም።

«ዳጉ በአንድ ሰው አያልቅም» አለ በመጨረሻ። «የሰማ ደግሞ ይናገራል። የኔ ተራ ቀርቷል።»

«አውቶቡሱ ግን...»

«መንገድ ላይ እጀምርልሻለሁ።»

አልተነካኩም። እዚያ አገር፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በዚያ ሁሉ ባልተፈታ ነገር መሐል አይነካካም። በመሐላቸው ያለፈው አየር ግን ከገደሉ የሚወጣው ሙቀት ብቻ አልነበረም።

ሞተሩ ተነሣ። ሄዋን ዛፏን ይዛ ቆመች። እንዲህ ሳለ እናቷን አየቻት፤ ከማዕድ ቤት አንድ ትልቅ የሐብሐብ ቁራጭ በፌስታል ይዛ ወጥታ፣ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በሚንቀሳቀሰው አውቶቡስ መስኮቶች ሥር ትሮጣለች። ልክ ድሮ ባቡሩ ሥር እንደምትሮጠው። የካሊድን መስኮት አገኘችው።

«እንካ!» አለች እያለከለከች። «ይሄን ማንም አላረደውም። ብላ!»

ወደ ልጇ ስትመለስ ፊቷ እንደተቆጣ ነው። «አማች አላልኩም» አለች። «መንገደኛ ነው ያልኩት። ደግሞ ጥብሱ በረደ።»

ኢንጂነር ይታያል ግን መኪናው ውስጥ ገብቶ አየር ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ነበር። በመስታወቱ ውስጥ፣ ጨዋ ሰው ነውና፣ እጁን አውለበለበ።

የአውቶቡሱ አቧራ ረግቶ ብዙ ሳይቆይ ስልኳ ጠራ።

«ያየሁትን ልንገርሽ» አለ ድምፁ። ከኋላው መንገደኛ ይስቃል። «የአዋሽ ፓርክ ውስጥ ገብተናል። የፈንታሌ ተራራ በቀኜ ነው። ጉልበቴ ላይ ሐብሐብ አለ፤ ልብሴ ሁሉ ራሰ። ሐሙስ ዕለት ሰርዶ ሄጄ አባቴን ስሰናበት ‹ያቺ ከአስር ዘጠኝ ያለችህ ሐኪም› አለኝ፣ ‹እሷ...›»

መስመሩ ተቋረጠ። ከተራራው ሥር ኔትወርክ የለም፤ እስከ መተሐራ ድረስ።

ሄዋን ስልኩን ከጆሮዋ አላወረደችም።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለች ለዝምታው።

ጠበቀች። መልሱን አላቀበለችውም። የአስፋልቱ ጫፍ በሙቀቱ ውስጥ እንደ ውሃ ይንቀጠቀጣል፤ አውቶቡሱ የለም። ጋሽ ጉልላትን እግዚአብሔር ይጠብቀው፣ መንገደኛውንም ሁሉ በሰላም ያግባ፤ ግን አንዲት ጎማ፣ አለች በልቧ፣ አንዲት ብቻ።